ዴቢያን 12 ላይ ፓይተን 3.13ን ከሶርስ ኮዱ መገንባት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻው

ማሽኑ ዴቢያን 12 (የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) የተጫነበት ያረጀ ላፕቶፕ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋባይት፣ ኮሩ አራት። ከሲስተሙ ጋር የመጣው የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ እትም 3.11 ነው። ዴቢያን 12 እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ሲወጣ ይዞት የወጣው ይህንኑ በመሆኑ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ከእሱ አይነቃነቅም። የደኅንነት ጥገና ይገባለታል፤ ቁጥሩ ግን ወደ 3.12 ወይም ወደ 3.13 አይሻገርም። አንዳንዱ ሰው ይህን ጠባይ ድርቅና ይለዋል። እኔ ዴቢያንን የመረጥኩት ለዚሁ ድርቅናው ስለሆነ ልወቅሰው አልችልም።

ጣጣው የመጣው እንድሠራበት ከተላከልኝ ስክሪፕት ነው። የጻፈው ሰው በኤፍ-ስትሪንግ (ዋጋዎች በመሀሉ የሚገቡበት ጽሑፍ) ውስጥ ድርብ ጥቅስን በድርብ ጥቅስ መሀል እንደ ልቡ ይከታል። ይህ ከ3.12 ጀምሮ የተፈቀደ አጻጻፍ ነው፤ 3.11 ግን ገና ሲያነበው «ሲንታክስ ኤረር» ብሎ ይመልሰዋል፣ አንዲት መስመር እንኳ አያስኬድም። ጥቅሶቹን አንድ በአንድ መለወጥ ይቻላል። ይሁንና ስክሪፕቱ በመጨረሻ የሚሠራበት ሰርቨር 3.13 ነው፤ 3.11 ላይ ሞክሬ «ይሠራል» ብል ሳልሞክር እንደመናገር ነው። 3.13 እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 የወጣ ሲሆን የደኅንነት ጥገናው እስከ ኦክቶበር 2029 ይቀጥላል። ስለዚህ ዴቢያኑ እንዳለ ይቆይ፣ 3.13 ከጎኑ ይግባ።

በየት በኩል ልግባ

መንገዱ ብዙ ነው። ከሚቀጥለው ዴቢያን ፓኬጅ መዋስ የመጀመሪያው ሐሳብ ይሆናል፤ ዴቢያኖች ራሳቸው «ፍራንከንዴቢያን» የሚል ስም ያወጡለት በሽታ ነው። አንድ ፓይተን ይመጣል ሲባል መሠረታዊው የሲ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የሲ ቋንቋ ኮድ) ይከተላል፣ እሱ ሲከተል ግማሹ ሲስተም አብሮ ይነቀላል። ለኡቡንቱ የተዘጋጁ የፓይተን ማከማቻዎችም አሉ፤ ለኡቡንቱ ስለተዘጋጁ እዚህ አላስገባቸውም። የተለያዩ የፓይተን እትሞችን የሚያስገባው ፓይኤንቭ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ እሱም ግን ከውስጥ የሚያደርገው ሶርስ ኮድ (ሰው የጻፈውን የፕሮግራም ጽሑፍ) አውርዶ ኮምፓይል ማድረግ (ወደ ማሽን ቋንቋ መለወጥ) ስለሆነ ላይብረሪ ከጎደለ ያው እዚያው ይሰናከላል። ዩቪ የተባለው መሣሪያ ደግሞ አስቀድሞ የተገነባ ፓይተን ያወርዳል፤ ኮምፓይል የሚባል ነገር የለበትም። ለቸኮለ ሰው የምመክረው ይህን ነው። እኔ የፈለግኩት ግን የሲስተሙን ኦፕንኤስኤስኤል (የምስጠራ ላይብረሪ) የሚጠቀም፣ ምን እንደገባበትና ምን እንደቀረበት የማውቀው ፓይተን ነው።

ሌላ አንድ ምክር በየቦታው ይገኛል፦ «/ዩኤስአር/ቢን/ፓይተን3» የሚለውን ሊንክ ወደ አዲሱ ማዞር። ይህ በፍጹም አይነካም። ያ ፓይተን የሲስተሙ ንብረት ነው። ከአፕት (ከዴቢያን ፓኬጅ ማስገቢያ) ጋር አብረው የሚሠሩ እንደ አፕት-ሊስትቼንጅስ ያሉ ፕሮግራሞች በፓይተን የተጻፉ ናቸው፤ የሚጠሩት የአፕት ሞጁል ደግሞ ለ3.11 ኮምፓይል የተደረገ ነው። የፋይሉ ስም ውስጥ ራሱ 311 የሚል ቁጥር ስላለ 3.13 ፋይሉን ዞር ብሎም አያየው። ሊንኩ የዞረ ዕለት ፓኬጅ ሊገባ ሲል «ሞጁሉ አልተገኘም» የሚል መልእክት ይወጣል። ያን ጊዜ ሲስተሙን የሚጠግነው መሣሪያ ራሱ ጠጋኝ ፈላጊ ይሆናል።

ዴቢያን 12 ይህን አውቆ አጥር አጥሯል። ፒፕ (የፓይተን ፓኬጅ ጫኝ) በሲስተሙ ፓይተን ላይ ፓኬጅ እንዲጭን ሲታዘዝ አካባቢው በሌላ የሚተዳደር መሆኑን ገልጾ እምቢ ይላል። አጥሩ 3.11 ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ አንድ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ፋይሉን መሰረዝ ቀላል ነው፣ የሚሰርዝም ሞልቷል። በትዕዛዝ ማለፊያ አማራጭም አለው፤ ስሙ «ብሬክ-ሲስተም-ፓኬጅስ» ነው። ከዚህ በላይ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም።

ማውረድና ፊርማ ማየት

የታሸገው ፋይል 22 ሜጋባይት ገደማ ነው። ከጎኑ ፊርማው ስላለ እሱንም አወረድኩ። የ3.12 እና የ3.13 እትሞች ኃላፊ ቶማስ ዋውተርስ ነው፤ የሕዝብ ቁልፉ በፓይተን ድረ ገጽ ላይ ተቀምጧል። ጂፒጂ (የፒጂፒ ፊርማ መመርመሪያው) ፊርማው ትክክል መሆኑን ይናገርና ወዲያው ቁልፉ በታመነ ፊርማ እንዳልተረጋገጠ ያስጠነቅቃል። ሁለተኛው መስመር ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ የሚለው ግን ይህን ቁልፍ አምነህ የተቀበልክበት መዝገብ እዚህ ማሽን ላይ የለም ነው። የቁልፉን አሻራ ከድረ ገጹ ጋር አስተያይቼ አለፍኩ። ከ3.14 ጀምሮ የፒጂፒ ፊርማ ቀርቶ በሲግስቶር (በሌላ የፊርማ ሥርዓት) ብቻ ሆኗል፤ ይህን ማስታወሻ ለሚከተል ሰው ይህ እርምጃ ያኔ ሌላ መልክ ይይዛል።

ላይብረሪዎቹ

ይህ ክፍል ነው ሥራው። የቀረው ማሽኑ የሚሠራው ነው።

የፓይተን መደበኛ ሞጁሎች ብዙዎቹ በሲ በተጻፉ ላይብረሪዎች ላይ የለበሱ ስስ ሽፋን ናቸው። ኤስኤስኤል ሞጁል ከኦፕንኤስኤስኤል፣ ኤስኪውላይት3 ከኤስኪውላይት፣ ሲታይፕስ ከሊብኤፍኤፍአይ፣ ዚሊብ ከዚሊብ። ለግንባታው የሚያስፈልገውን የሚያጣራው ኮንፊገር የሚባለው ስክሪፕት ሲሄድ የእነዚህን ሄደር ፋይሎች (ላይብረሪው ምን እንዳለው ለኮምፓይለሩ የሚነግሩትን) ይፈልጋል። ካላገኘ አይቆምም! ሞጁሉን ዘሎ ይቀጥላል፣ ግንባታው ያልቃል፣ ፓይተኑም ይነሳል። ከሳምንታት በኋላ አንድ ሰው ፒፕን ሲጠራ የኤስኤስኤል ሞጁል እንደሌለ ይነገረዋል፤ ያን ጊዜ ምክንያቱን ከሁሉ ቦታ ይፈልጋል እንጂ ወደ ኮንፊገር አይመለስም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። ኦፕንኤስኤስኤል ማሽኑ ላይ አለ፣ ትዕዛዙም ይሠራል፤ ታዲያ ኮንፊገር እንዴት የለም ይላል? ዴቢያን አንድን ላይብረሪ ለሁለት ይከፍላል። ፕሮግራም ለማስኬድ የሚያስፈልገው ክፍል በአንድ ፓኬጅ፣ ኮምፓይል ለማድረግ የሚያስፈልጉት ሄደሮች ደግሞ መጨረሻው «-ዴቭ» በሆነ ሌላ ፓኬጅ ይመጣሉ። የጎደለው ሁልጊዜ ሁለተኛው ነው።

ያስገባኋቸው፦ ኮምፓይለሩንና ሜክን (ግንባታውን የሚመራውን ፕሮግራም) ይዞ የሚመጣው ቢልድ-ኢሴንሻል፣ ፒኬጂ-ኮንፊግ፣ ከዚያ የኤስኤስኤል፣ የዚሊብ፣ የቢዚፕ2፣ የኤልዚኤምኤ፣ የኤፍኤፍአይ፣ የኤስኪውላይት3፣ የሪድላይን፣ የንከርስስ፣ የጂዲቢኤም፣ የጂዲቢኤም-ኮምፓት እና የዩዩአይዲ «-ዴቭ» ፓኬጆች። ቲኬን ትቻለሁ። ቲኪንተር መስኮት ላላቸው ፕሮግራሞች ነው፣ የቲኬ «-ዴቭ» ፓኬጅ ደግሞ የኤክስ11ን ሄደሮች ሁሉ ጎትቶ ያመጣል፤ የእኔ ሥራ ከተርሚናል አይወጣም።

ሁሉንም በአንድ ትዕዛዝ የሚያመጣ አቋራጭም አለ፦ «አፕት ቢልድ-ዴፕ ፓይተን3.11»። መጀመሪያ በሶርስ ሊስት ውስጥ የ«ዴብ-ሶርስ» መስመሮች መከፈት አለባቸው፣ አለበለዚያ አፕት ሶርስ የለኝም ይላል። አቋራጩ ዴቢያን ለራሱ 3.11 የሚፈልጋቸውን ሁሉ ስለሚያመጣ ዶክመንት መሥሪያዎቹ ሳይቀሩ ይገባሉ። እኔ እየመረጥኩ ማስገባቱን ወደድኩ።

መጀመሪያ አጭሩን ግንባታ

ከረጅሙ ግንባታ በፊት ያለምንም ማፍጠኛ አማራጭ አንድ ፈጣን ግንባታ አደርጋለሁ። ዓላማው የጎደለውን ሞጁል ማየት ብቻ ነው። የትኛውም ረጅም ኮምፓይል ከመጀመሩ በፊት ይህን ልማድ ማድረግ ዋጋ አለው፤ ደቂቃዎች ወስዶ ሰዓት ያተርፋል።

ኮንፊገር ሲጨርስ የማፍጠኛ አማራጩን እንድጠቀም የምትመክር መስመር ታትማለች፤ ለጊዜው አልፌያታለሁ። ሜክ ሲያልቅ ከመጨረሻዎቹ መስመሮች መሀል ይህ አለ፦ አንዳንድ አማራጭ ሞጁሎችን ለመገንባት የሚያስፈልገው አልተገኘም፣ ዝርዝሩም «_ቲኪንተር»። አንድ ስም ብቻ፣ እሱም አውቄ የተውኩት። ከግንባታው መልእክት ሁሉ አንብብ ብባል የምመርጠው ይህን መስመር ነው። ብዙ ሰው ኤረር ስላላየ ብቻ ተርሚናሉን ያጸዳና ወደ መጫን ይሄዳል፣ መስመሩም አብሮ ይጠፋል።

ዝርዝሩ ውስጥ ያልተጠበቀ ስም ያገኘ ሰው ኮንፊግ.ሎግን ከፍቶ የሞጁሉን ስም ይፈልግ። ኮንፊገር የሞከራትን ትንሽ የሲ ፕሮግራምና ኮምፓይለሩ የመለሰውን ሙሉ መልስ እዚያ ጽፎታል፤ የጎደለው ሄደር በስሙ ይገኛል።

ዋናው ግንባታ

ፎልደሩን በ«ሜክ ዲስትክሊን» አጽድቼ ኮንፊገርን ደግሜ አስኬድኩ፤ አሁን በሦስት አማራጭ። አንደኛው ፕሪፊክስ (የሚጫንበት ቦታ)፣ ወደ «/ኦፕት/ፓይተን-3.13»። ሁለተኛው «ኢኔብል-ኦፕቲማይዜሽንስ»። ሦስተኛው «ዊዝ-ኤልቲኦ»።

ፕሪፊክስ ካልተሰጠ ፓይተን «/ዩኤስአር/ሎካል» ውስጥ ይገባል። ያም ቦታ ስህተት ባይሆንም ከሌሎች ነገሮች ጋር ይደባለቃል። ለብቻው በ«/ኦፕት» ሥር ሲሆን ያልተፈለገ ዕለት አንድ ፎልደር መሰረዝ በቂ ነው፤ ፍለጋ የለም።

«ኢኔብል-ኦፕቲማይዜሽንስ» ፒጂኦ የሚባለውን ይከፍታል። ሜክ ፓይተንን መጀመሪያ መዝጋቢ ኮድ ጨምሮ ይገነባዋል፤ ከዚያ የተመረጡ የሙከራ ፋይሎችን ያስኬድበትና የትኛው የኮዱ መንገድ ብዙ እንደሚረገጥ ይመዘግባል፤ በመጨረሻም መዝገቡን ይዞ ሁሉንም እንደገና ኮምፓይል ያደርጋል። ጊዜው የሚሄደው ለዚህ ነው። መሀል ላይ የፈተና ስሞች መውረድ ሲጀምሩ «ሙከራ አድርግ መቼ አልኩት?» የሚል ሰው ይኖራል፤ የልምምዱ ዙር ነው፣ ይተወው። ይህ ዙር አንድ ኮር ላይ ብቻ ስለሚሄድ ሜክ በአራት ኮር ቢታዘዝም አይፈጥንም።

ኤልቲኦ ሌላ ነገር ነው። ማያያዣው ሁሉንም የሲ ፋይሎች ባንድነት ተመልክቶ ያስተካክላል፣ ለዚህም ራም ይበላል። 4 ጊጋባይት ባለው ማሽን አሳሹ ክፍት ሆኖ፣ ሜክም በሙሉ ኮሮች ተነድቶ፣ ከርነሉ ራም አለቀብኝ ብሎ አንዱን ሂደት ገደለው። ከሜክ በኩል የሚታየው «ኪልድ» የምትል አንዲት ቃል ናት፤ ምክንያቱ ያለው በዲሜሴጅ (በከርነሉ መልእክቶች መዝገብ) ነው። አሳሹን ዘግቼ፣ 2 ጊጋባይት ስዋፕ (ራም ሲያንስ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ጨምሬ፣ ሜክን በሁለት ሥራ ብቻ አስቀጠልኩት፤ ተሻገረ። ሜክ ከቆመበት ስለሚቀጥል ከመጀመሪያ መነሳት አያስፈልግም። ራሙ ከዚህም ላነሰ ማሽን ኤልቲኦን መተው ይሻላል፤ ከሁለቱ ፍጥነት የሚጨምረው በዋናነት ፒጂኦ ነው።

3.13 ሁለት የሙከራ አማራጮችም አሉት። «ዲዜብል-ጊል» ጊል የሚባለውን፣ በአንድ ጊዜ አንድ የሥራ ክር ብቻ ፓይተንን እንዲያስኬድ የሚያደርገውን ያንን የታወቀ መቆለፊያ ያወጣል፤ ሌላው ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ጄአይቲ ነው። ሁለቱም ያጓጓሉ። ሰርቨሩ ላይ ያለው ግን ተራው 3.13 ስለሆነ አልነካካኋቸውም።

መጫን

ፓኬጆቹን ከማስገባትና ስዋፕ ከመጨመር በቀር እስከዚህ ድረስ ሁሉም የተሠራው በተራ ዩዘር ነው። ከግንባታው ውስጥ ሱዶ (የአስተዳዳሪ ሥልጣን) የሚያስፈልገው ለዚህ እርምጃ ብቻ ነው፤ ከኢንተርኔት የወረደ ስክሪፕት ገና ኮምፓይል እያለ የሩት ሥልጣን የሚሰጥበት ምክንያት የለም።

ትዕዛዙ «ሜክ አልትኢንስቶል» ነው፤ «ሜክ ኢንስቶል» አይደለም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። «ኢንስቶል» ፓይተን3 የሚል ሊንክ ይሠራል፤ «አልትኢንስቶል» ፓይተን3.13 በሚል ሙሉ ስሙ ብቻ ያስቀምጣል። ፕሪፊክስ ሳይሰጥ «/ዩኤስአር/ሎካል» ውስጥ «ኢንስቶል» ያደረገ ሰው ማሽን ላይ ምን እንደሚሆን እናስብ። በዴቢያን ፓዝ (ትዕዛዞች የሚፈለጉባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ውስጥ «/ዩኤስአር/ሎካል/ቢን» ከ«/ዩኤስአር/ቢን» ይቀድማል። ከዚያ ወዲያ ፓይተን3 ብሎ የሚጠራ ሁሉ፣ በ«ኤንቭ ፓይተን3» የሚጀምሩ ስክሪፕቶችም ጭምር፣ አዲሱን ያገኛሉ። የሲስተሙ ሊንክ ሳይነካ ውጤቱ ያው ሆነ ማለት ነው።

እኔ ፓዝን አልቀየርኩም። በቤት ማውጫዬ ውስጥ ባለው «.ሎካል/ቢን» ወደ ፓይተን3.13 አንድ ሊንክ አደረግኩ። ፓይተን3 ሲባል 3.11፣ ፓይተን3.13 ሲባል 3.13። እንዲህ ሲለያዩ አንዱ የሌላውን አይነካም።

የተጫነው ፎልደር ከወረደው ጋር ሲነጻጸር በጣም ትልቅ ነው። አንዱ ምክንያት እያንዳንዱ የፓይተን ፋይል በሦስት የማፍጠኛ ደረጃ የተዘጋጀ ፒዋይሲ (አስቀድሞ የተተረጎመ ፋይል) ስላለው ነው። ሌላው የፓይተን ገንቢዎች የሙከራ ፎልደር ነው፤ እሱን ሰረዝኩት። ፓይተንን ራሱን ለማይፈትን ሰው አያስፈልግም።

ፍተሻ

ኤስኤስኤል፣ ኤስኪውላይት3፣ ሲታይፕስ፣ ኤልዚኤምኤ፣ ቢዚ2፣ ሪድላይን፦ ሁሉንም በአንድ መስመር ኢምፖርት አደረግኩ፣ ዝም አለ። በዚህ ሥራ ዝምታ መልካም ዜና ነው። ኤስኤስኤል የሚያሳየው እትም 3.0 ነው፣ የዴቢያን የራሱ።

ቀጥሎ ፊደላችን። «ሰላም» ርዝመቱ 3፣ ወደ ዩቲኤፍ-8 ሲቀየር 9 ባይት፤ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ ልክ ነው። ሎካሉን (የሲስተሙን የቋንቋ ቅንብር) ወደ «ሲ» ቀይሬ ሳትመውም በትክክል ወጣ። ድሮ እዚህ ላይ ኤረር ይመጣ ነበር፤ ከ3.7 ጀምሮ ፓይተን በ«ሲ» ሎካል ሲነሳ በራሱ ወደ ዩቲኤፍ-8 ያዘነብላል።

የግዕዝ ቁጥር ያለበት መረጃ ለሚያነብ ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር፦ «፩»ን ኢዝዲጂት ሲጠይቁት አዎ ይላል፣ ኢንት ሲያደርጉት ግን ቫልዩ ኤረር ነው። ዩኒኮድ የግዕዝን አሃዞች እንደ አስርዮሽ አሃዝ አይቆጥራቸውም፤ ዜሮም የቦታ ዋጋም የላቸውምና። ማጣሪያው ኢዝዲሲማል መሆን አለበት፤ ዋጋውን ለማግኘት ደግሞ የዩኒኮድዳታ ሞጁል «ኑሜሪክ» አለ፤ «፲» ሲሰጠው 10.0 ይመልሳል።

ቬንቭና ሁለት እንቅፋት

ለስክሪፕቱ የራሱ ቬንቭ (ከሌላው የተለየ የፓይተን አካባቢ) ተሠራለት። በዴቢያኑ 3.11 ቢሆን ኖሮ ፓይተን3-ቬንቭ የሚባል ለብቻው የተነጠለ ፓኬጅ ያስፈልግ ነበር፤ ከሶርስ የተገነባው ግን ሁሉን ይዞ ስለመጣ ወዲያው ሠራ። ጥቅሶቹ ያለምንም ጭቅጭቅ ተነበቡ።

ጭቅጭቁ ከሌላ መጣ። ስክሪፕቱ የሚጠቀምበት አንድ የቆየ ፓኬጅ ዲስትዩቲልስን (የድሮውን የፓኬጅ መሥሪያ ሞጁል) ይጠራል። ዲስትዩቲልስ ከ3.12 ወጥቷል፤ ከዚያው እትም ጀምሮ አዲስ ቬንቭ ሴትአፕቱልስንም ይዞ አይመጣም። ሴትአፕቱልስ ቬንቩ ውስጥ ሲገባ የዲስትዩቲልስን ምትክ ስለሚያቀርብ ነገሩ በዚህ ረገበ። ከ3.11 ወደ 3.13 የሚዘል ሰው በተጨማሪ 3.13 ላይ 19 ያረጁ ሞጁሎች መወገዳቸውን ይወቅ፦ ሲጂአይ፣ ክሪፕት፣ ቴልኔትሊብ እና ሌሎችም። በኮዱ ውስጥ ስማቸውን በግሬፕ መፈለግ ቀላል ነው፤ ፕሮግራሙ እኩለ ሌሊት ላይ እስኪነግር መጠበቅ አያስፈልግም።

ሁለተኛው የባሰ ነበር። ስክሪፕቱ በውስጥ ኔትወርክ ካለ አንድ ሰርቨር ጋር በኤችቲቲፒኤስ ይገናኛል። 3.11 ያለችግር የሚቀበለውን ሰርተፊኬት 3.13 «ኦቶሪቲ ኪ አይደንቲፋየር ይጎድላል» ብሎ መለሰው። የመጀመሪያው ጥርጣሬ ግንባታው ላይ ማረፉ አይቀርም፤ ላይብረሪ ተሳስቶ ይሆን ያሰኛል። ግንባታው ግን ደህና ነው። 3.13 በነባሪው የኤስኤስኤል አቀማመጥ ላይ ጥብቅ የኤክስ509 (የሰርተፊኬቶች ደረጃ) ፍተሻ ጨምሯል፤ በእጅ የተሠሩ የውስጥ ሰርተፊኬቶች ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸውን ነገር አሁን አያልፍም። ፍተሻውን የሚያበራው አንድ ባንዲራ (ማብሪያ ምልክት) ከኤስኤስኤሉ አቀማመጥ ላይ በኮድ ሊነሳ ይችላል፤ የሚያዋጣው ግን ሰርተፊኬቱን በሚገባ እንደገና ማውጣት ነው። እስኪወጣ ድረስ ባንዲራውን ለዚያ አንድ ግንኙነት ብቻ አነሳሁ፣ አጠገቡም ለምን እንደተነሳ ጻፍኩ። ማረጋገጡን ጨርሶ ማጥፋት የሚሉት መፍትሔ እንደ መፍትሔ አይቆጠርም።

ከዚህ በኋላ ያለው ኃላፊነት

ኦፕንኤስኤስኤል በአፕት ሲታደስ አዲሱ ፓይተንም አብሮ ይጠቀማል፤ ላይብረሪውን የሚጭነው ሲነሳ እንጂ ውስጡ አጣብቆ አልያዘውም። ፓይተን ራሱ ግን ከአፕት ዓይን ውጭ ነው። የደኅንነት ጥገና ያለበት የ3.13 እትም ሲወጣ የሚነግረኝም የሚጭንልኝም የለም። ከሶርስ መገንባት ዋጋው ይህ ነው፤ ኮምፓይል የሚወስደው ጊዜ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ስለዚህ የኮንፊገሩን ሙሉ መስመርና የፓኬጆቹን ዝርዝር በ«/ኦፕት/ፓይተን-3.13» ውስጥ በአንድ የጽሑፍ ፋይል አስቀምጫለሁ፤ የፓይተን አስታዋቂ የኢሜይል ዝርዝር ውስጥም ገብቻለሁ።

በ3.13 ውስጥ ያለ ጥገና ሲመጣ በዚያው ፕሪፊክስ ላይ ደግሞ መጫን ይበቃል፤ ቬንቮቹ ወደ ፓይተን3.13 የሚያመለክቱ ሊንኮች ስለሆኑ ሳይነኩ ይቀጥላሉ። ወደ 3.14 ሲሆን ፕሪፊክሱ «/ኦፕት/ፓይተን-3.14» ይሆናል፤ ቬንቮቹም ከሪኳየርመንትስ (የሚያስፈልጓቸው ፓኬጆች ዝርዝር) ፋይላቸው እንደ አዲስ ይሠራሉ።